የተራራ መንገድ በሞተር ብስክሌት

ሁለት ጓደኛሞች ከአዲስ አበባ ተነስተው የባሌን ተራሮች በሞተር ብስክሌት ሊጎበኙ አሰቡ እንበል። አንደኛው፣ «ጎባ እኮ ከ400 ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢያልፍ ነው። በማለዳ ከተነሳን ማታ እንገባለን» ይላል። ሁለተኛው ግን፣ «ተው እንጂ ወንድሜ! የተራራ መንገድ በኪሎ ሜትር ብቻ አይቆጠርም» ብሎ ይመልሳል። ትክክለኛው ሁለተኛው ነው። ለምን?

ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ ሳነቴ የተባለውን ሰፊ የደጋ ሜዳ ያቋርጣል። ሜዳው ከባሕር ወለል በላይ 4,000 ሜትር ያህል ከፍታ አለው። 1,000 ሜትር ሽቅብ በተወጣ ቁጥር ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። በሞተር ላይ ደግሞ ነፋሱ ብርዱን ያብሰዋል። ጣት ከደነዘዘ ፍሬን መያዝ ያቅታል። ስለዚህ ወፍራም ጓንት፣ ካፖርትና የዝናብ ልብስ ያስፈልጋል።

ከፍ ባለ ቦታ አየሩም ይሳሳል። ራስ ያማል፤ ትንፋሽ ያጥራል። ሞተሩም እንደ ሰው አየር ይፈልጋልና ጉልበቱ ይቀንሳል። በዚህ ምክንያት ጉዞውን በቀናት መከፋፈል ይገባል። በመጀመሪያው ቀን ሻሸመኔ ማደር፣ በሁለተኛው ቀን በዶዶላና በአዳባ በኩል ዲንሾ መድረስ፣ በሦስተኛው ቀን ጎባ ላይ ነዳጅ ሞልቶ ሳነቴን በጠዋት ማቋረጥ ነው። ራስ ምታቱ ከበረታ፣ ሰውየው ካስመለሰው ወይም ከተንገዳገደ፣ ሳይዘገዩ ወደ ዝቅተኛ ቦታ መውረድ ያስፈልጋል።

ከሳነቴ በኋላ መንገዱ ወደ ሐረና ደን ቁልቁል ይወርዳል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ፍሬን ሳይለቁ ይዞ መውረድ ፍሬኑን ያግለዋል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ አይዝም። መፍትሔው በዝቅተኛ ማርሽ መውረድ ነው። ያን ጊዜ ሞተሩ ራሱ ፍጥነቱን ይገታል። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ሞተር አጥፍቶ መውረድ ግን ሕይወት ያስከፍላል።

ለጉዞው ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ደረቅ ወቅት ይመረጣል፤ ሌሊቱ ግን ውርጭ ነው። ከመነሳት በፊት ፍሬኑን፣ ጎማውንና ካቴናውን መመርመር፣ ሄልሜት ማድረግ፣ የሚያድሩበትን ቦታ ለቤተሰብ መናገር፣ ስለ መንገዱና ስለ ሰላሙ የአካባቢውን ሰው መጠየቅ ይገባል።

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ቀይ ቀበሮ ሳነቴ ላይ በቀን ሲያድን ይታያል። የሚያየው ግን ቀስ ብሎ የሚሄድ ሰው ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ?

ጥያቄዎች
1. የተራራ ጉዞ በኪሎ ሜትር ብቻ የማይታቀደው ለምንድን ነው?
2. ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሳይለቁ መያዝ ምን ጉዳት አለው?
3. በአካባቢያችሁ ያለውን አስቸጋሪ ቁልቁለት ጥቀሱ። እንዴት መውረድ ይገባል?