ዋናው ሸራ ለምን ይከብዳል?

12 ሜትር ገደማ በሚረዝም ባለ ሸራ ጀልባ ላይ፣ ከምሰሶው ጀርባ የሚሰቀለው ዋናው ሸራ ክብደቱ ከ20 ኪሎ ብዙም አይርቅም። ጤነኛ ሰው ይህን በገመድ ስቦ ማውጣት አያቅተውም። በተግባር ግን ሸራው ግማሽ ሳይደርስ ሳቢው ያለከልካል፤ የቀረውን በዊንች እያዞረ ይጨርሰዋል። ትርፉን ጉልበት የሚበላው ሰበቃ ነው።

መስቀያው ገመድ ከሸራው ራስ ተነሥቶ ምሰሶው አናት ላይ ባለ ፑሊ ይዞራል፤ በምሰሶው ውስጥ ወርዶ ከታች እንደገና ይታጠፍና መሪው አጠገብ ይደርሳል። የአናቱ ፑሊ ገመዱን መልሶ ወደ ታች ስለሚያዞረው የሚሸከመው የገመዱን ውጥረት እጥፍ ነው። እያንዳንዱ መታጠፊያ 10 በመቶ ቢበላ፣ አራት ቦታ የሚታጠፍ ገመድ 20 ኪሎውን 30 ያደርገዋል። ምሰሶው ሥር ቆሞ የሚስብ ሰው የሚቀልለው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ጣጣ ቦዩ ነው። በሸራው ጠርዝ ላይ የተያያዙት ተንሸራታቾች በምሰሶው ጀርባ ባለ ቦይ ውስጥ ይሄዳሉ። ነፋስ ሸራውን ከጎን ሲገፋው ከቦዩ ግድግዳ ጋር ይጣበቃሉ፤ ሰበቃ ደግሞ በተጫነው ልክ ይጨምራል። ስለዚህ የመጀመሪያው መድኃኒት ገንዘብ አይጠይቅም፦ የጀልባውን አፍንጫ ወደ ነፋሱ ማዞርና ሸራው ሥር ያለውን አግድም ዘንግ የያዙትን ገመዶች ማላላት። ሸራን ለማሳነስ የሚያገለግሉትም ገመዶች መታየት አለባቸው፤ ብዙ ጊዜ ሸራው «ተጣበቀ» የሚባለው አንድ የተረሳ ገመድ ይዞት ነው።

ከፊት እስከ ኋላ የሚዘልቁ ቀጫጭን ዘንጎች የገቡበት ሸራ የባሰ ነው። ዘንጎቹ ቅርጹን ይጠብቁለታል፤ ተንሸራታቹን ግን ወደ ምሰሶው እየገፉ ያጣምሙታል። አጭር ተንሸራታች ሲጣመም፣ በአንድ ጎኑ ብቻ እንደተሳበ የጠረጴዛ መሳቢያ ይነክሳል። መፍትሔው ረዘም ያለ፣ ኩሽኔታ ያለው ጋሪ ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1960ዎቹ መጨረሻ፣ በአሜሪካዋ ዊስኮንሲን ፒተርና ኦላፍ ሃርከን የተባሉ ወንድማማቾች የጀልባ ፑሊን በፕላስቲክ ኳሶች ላይ እንዲዞር አድርገው ስም አወጡ። ፕላስቲኩ ቀላል ነው፣ አይዝግም፣ ቅባትም አይሻም። ዛሬ ያው ሐሳብ ምሰሶ ላይ በሚገጠም ሐዲድ ይሠራል፤ ዋጋው ግን ኪስ ይጎዳል። ረከስ የሚለው በቦዩ ላይ የሚገጠም የሚያዳልጥ የፕላስቲክ ሐዲድ ነው።

እኔ ብሆን ሁለቱንም ከመግዛቴ በፊት ቦዩን በንጹሕ ውሃ አጥቤ፣ ሲደርቅ የቴፍሎን ወይም የሲሊኮን ደረቅ ስፕሬይ እነፋበታለሁ። ግራሶ ግን በአጠገቡ አይለፍ! ቆሻሻ ይሰበስባል፣ ሸራውንም ያበላሻል።

ጥፋቱ የገመዱ ነው የቦዩ? ነፋስ በሌለበት ቀን፣ ወደብ ላይ፣ ገመዱን ከሸራው ፈትቶ፣ መመለሻ ቀጭን ገመድ አስሮበት መሳብ ነው። ባዶውን ከከበደ ፑሊዎቹ ይታዩ፤ ከቀለለ ተንሸራታቾቹ።

አንዳንዶች ሸራው ራስ ላይ ተጨማሪ ፑሊ ይገጥማሉ። የሚስቡት ኃይል በግማሽ ገደማ ይቀንሳል፤ የሚስቡት ገመድ ግን እጥፍ ይሆናል፤ አዲሱ ፑሊም የራሱን ሰበቃ ይጨምራል። ነገሩን ሸፋፍኖ ማለፍ ነው ባይ ነኝ፤ ሰበቃ ሲሰቅሉ ቢያደክም ነው፣ ነፋስ ድንገት ሲበረታ ሸራው አልወርድም ሲል ግን ሕይወት ላይ ይመጣል። ገመዱ ሲለቀቅ በራሱ ክብደት የማይወርድ ሸራ ይዛችሁ ከወደብ አትውጡ።