ከንብረት ጠባቂነት ወደ አስነባቢነት፦ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ በስልክ ዘመን

ስለ ታዳጊዎች የንባብ ልማድ መዳከም በተነሣ ቁጥር ጣት የሚቀሰረው በእጅ ስልክ ላይ ሲሆን፣ መጻሕፍቱንም ተማሪዎቹንም በየዕለቱ የሚያገኘው የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ግን ከክርክሩ ውጭ ይቀራል። ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ ላይ የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በወጣቶች መጨናነቁ የቦታ ጥማት መኖሩን ይመሰክራል፤ በየትምህርት ቤቱ ያለው ችግር ግን ከቦታም ከመሣሪያም ይልቅ ባለሙያው ምን እንዲሠራ ተቀጠረ ከሚለው ጥያቄ ጋር የተያያዘ ነው።

ቴክኖሎጂ ሁልጊዜ የንባብ ባላጋራ እንዳልነበረ የሀገሪቱ ታሪክ ያሳያል። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሀዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተረክ መጽሐፉን በእጃቸው ይዘው የማያውቁ ብዙ አድማጮች ዋና ገጸ ባሕርያቱን በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን አውቀዋል። በአንጻሩ በ1997 ዓ.ም. አካባቢ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባው «ፕላዝማ»፣ ማለትም በሳተላይት በየክፍሉ ቴሌቪዥን የሚተላለፈው ትምህርት፣ በራሱ ፍጥነት እየሮጠ መምህሩን ተመልካች አድርጎታል። መሣሪያው በተማሪውና በትምህርቱ መካከል ላለው ሰው ሥራ ሲተውለት ይጠቅማል፤ ሰውየውን ሲተካው ግን ይባክናል።

ይህ መጣጥፍ እንዲጻፍ ያነሣሣው በአዲስ አበባ በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተሰማ ተራ ጥያቄ ነው። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ከመስታወቱ በስተጀርባ የተደረደረ ልብ ወለድ እያየች «ጋሼ፣ ፒዲኤፉ የለም?» ብላ ጠየቀች። የትምህርት ቤቱ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ጥያቄውን እንደ ስንፍና አልቆጠሩትም፦ «መጽሐፉ ቤቷ አይሄድም፤ ስልኩ ይሄዳል። ማታ ምን ላንብብ ነው ያለችኝ፤ እኔ ደግሞ የምመልስላት የለኝም።» በቴሌግራም የሚዘዋወሩት የልብ ወለድ ቅጂዎች አብዛኞቹ ያለ ደራሲው ፈቃድ የተሰራጩ በመሆናቸው ባለሙያው ወደዚያ ሊመሯት አይችሉም፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ቤተ መጻሕፍት ለጥናት የሚውል አጭር ክፍል በተወሰነ ሁኔታ እንዲያባዛ ቢፈቅድም፣ ሙሉ መጽሐፍ ስካን አድርጎ ለተማሪዎች ማደልን አይፈቅድም። እሳቸው ያገኙት መላ በክፍሎች የቴሌግራም ቡድን ላይ የአንድን መጽሐፍ የመጀመሪያ ገጽ በራሳቸው ድምፅ አንብበው ልክ ታሪኩ ሲጥም ማቆም ነው፦ «ቀሪውን ፈልገው ይመጣሉ። ተቆጥተው የሚመጡም አሉ፤ የተቆጣ አንባቢ ደግሞ የልብ አንባቢ ነው።»

ከዚህ በላይ የሚያደክማቸው ካታሎጉ፣ ማለትም መጻሕፍቱ የሚመዘገቡበትና የሚፈለጉበት ዝርዝር፣ ወደ ኮምፒውተር ሲዞር የተፈጠረው ሥራ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው፣ ለየፊደሉ ቋሚ ቁጥር በሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት፣ በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ሦስተኛ እትም ውስጥ በመካተቱ በአንዱ ኮምፒውተር የተጻፈ አማርኛ በሌላው መነበብ ችሏል፤ ይሁንና «ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ» በድምፅ አንድ ቢሆኑም ለማሽኑ ሦስት የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው። ስለዚህ «ሐዲስ አለማየሁ» ብሎ የሚፈልግ ተማሪ «ሀዲስ ዓለማየሁ» ተብሎ የተመዘገበውን አያገኝም፤ መጽሐፉ የለም ብሎም ይሄዳል። በኒውዚላንድ ተሠርቶ በ2000 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው ኮሃን የመሰሉ ያለ ክፍያ የሚገኙ የካታሎግ ፕሮግራሞች ለብዙ ቤተ መጻሕፍት ትልቅ እፎይታ ቢሆኑም፣ መዝጋቢው የባሕር ማዶውን ልማድ ተከትሎ የአባትን ስም ካስቀደመ ሀዲስን «ዓ» ሥር ይወስደዋል። በ1876 እ.ኤ.አ. በአሜሪካዊው ሜልቪል ዱዊ የወጣው የአሥርዮሽ አመዳደብም የአማርኛን ሥነ ጽሑፍ በ892.8 ሥር ስለሚያውለው፣ በትንሽ ቤተ መጻሕፍት ልብ ወለዱም ግጥሙም ተውኔቱም ባንድ ላይ ይታጨቃሉ። ባለሙያው ለእያንዳንዱ ደራሲ ሁሉንም አጻጻፍ በእጃቸው ያስገባሉ፤ በመጻሕፍቱ ጀርባ ላይም ባለ ቀለም ፕላስተር ለጥፈዋል፤ ቀዩ የፍቅር፣ ሰማያዊው የወንጀል፣ አረንጓዴው የታሪክ ልብ ወለድ ነው። ይህ ሁሉ በሥራ መዘርዝራቸው ላይ አልተጻፈም።

በመዘርዝሩ የተጻፈው ንብረት መጠበቅ ነው። መጻሕፍቱን በሞዴል 19፣ ማለትም በመንግሥት የንብረት መረከቢያ ቅጽ፣ ፈርመው ተረክበዋል፤ በመሆኑም የጠፋው ይታሰብባቸዋል። በዚህ ሁኔታ ለባለሙያው ከሁሉ የሚበጀው አለማዋስ እንደ ሆነ ማንም ሊረዳው ይችላል። ኮምፒውተሮቹም በዚያው ቅጽ ስለ ገቡ በዚያው ፍርሃት ተቆልፈዋል። «መጽሐፍ ሳይነበብ ሃያ ዓመት ቢቀመጥ የሚጠይቀኝ የለም፤ ተነቦ አንድ ቢጠፋ ግን እከሰሳለሁ» ይላሉ። ሐሳባቸው በየዓመቱ የተወሰነ መጥፋት በመመሪያ ተፈቅዶ ከመዝገብ እንዲሰረዝ ነው፦ «ከመቶ አምስቱ ቢጠፋ ዘጠና አምስቱ ተነቦ ተመልሷል፤ የጠፉትም አምስቱ አንድ ቤት ውስጥ እየተነበቡ ይሆናል።» ሐሳቡ ለትምህርት ዘርፉ አንድ ኃላፊ ሲቀርብ ጥያቄው በጽሑፍ ይምጣ አሉ፤ በጽሑፍ ሲቀርብላቸው ደግሞ ጉዳዩ የፋይናንስ ነው ከማለት በቀር ያሉት ነገር የለም።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ መሆናቸው ይታወቃል። የዚህ ምክንያት ብዙ ነውና ሁሉንም በተቆለፈ መደርደሪያ ማሳበብ አይገባም፤ ነገር ግን ረጅም ምንባብ አንብቦ መረዳት በፈተና ሳምንት የሚመጣ ችሎታ አይደለም። ባለሙያው አሁን ዓርብ ከሰዓት በገዛ ደብተራቸው እየመዘገቡ፣ በገዛ ኃላፊነታቸው ያውሳሉ፤ ሰኞ ያልመለሰውን በቴሌግራም ያስታውሳሉ። ጡረታ ሊወጡ የቀራቸው ጊዜ ጥቂት ሲሆን፣ ንብረቱን የሚረከባቸው ሰው ያንን ደብተር አብሮ የመረከብ ግዴታ የለበትም።