ሙርሲ መንደር ሄጄ እናቴን አየኋት

ስለ ፍቅርና ስለ ትዳር ስናወራ ከርመናል። ዛሬ ደግሞ ትንሽ ነፋስ እንቀበልና ስለ ጉዞ እንጫወት። ስለ ሶደሬና ስለ ላንጋኖ እንዳይመስላችሁ። የዛሬው መንገድ ረዘም ይላል፤ ጂንካ ነው የምንወርደው። ምክሬን መጨረሻ ላይ ታገኙታላችሁ። መጀመሪያ ግን ጉዴን ልንገራችሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔና ሰባት ጓደኞቼ ሁላችንም አዲስ አበባ ተወልደን ያደግን ነን። ስድስት ወር ሙሉ ዕቁብ ጥለን አንድ ሚኒባስ ተከራየንና «አገራችንን እንወቅ» ብለን ተነሳን። እውነቱን ልናገር? አገር የማወቁ ነገር ለአፍ ነው። የልባችን ሐሳብ የከንፈር ሸክላ ካደረጉ ሴቶች ጋር ፎቶ ተነስተን መመለስ ነበር። ያ ፎቶ የሌለው ሰው ደቡብ ኦሞ ሄድኩ ቢል ማን ያምነዋል?

ገንዘብ ያለው በአውሮፕላን ይሄዳል። እኛ ግን በመኪና ሁለት ቀን ፈጀብን። የመጀመሪያውን ሌሊት ከአዲስ አበባ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀን አርባ ምንጭ አደርን። በማግሥቱ የኮንሶን እርከኖች አየን። ዩኔስኮ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2011 በዓለም ቅርስነት የመዘገባቸው ናቸው፤ አባትና አያት በእጃቸው ድንጋይ እየካቡ የሠሩት ነው፣ ይገርማል! ከዚያ ቁልቁል ወደ ወይጦ ቆላ ወረድን፤ ሙቀቱ አናት ይበሳል። ቀይ አፈር ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወደ ዲመካና ወደ ቱርሚ፣ ወደ ሐመሮቹ አገር ይወስዳል። እኛ የጂንካውን ያዝን።

ጂንካን በረሃ አድርጋችሁ የምታስቡ ካላችሁ እንደ እኔ ታፍራላችሁ። ዙሪያዋን ተራራ የከበባት፣ አረንጓዴ፣ ዝናብ የማይለያት ከተማ ናት። አካባቢው የአሪ ሕዝብ አገር ነው፤ እንሰቱም ቡናውም በየጓሮው አለ። ድሮ አውሮፕላን የሚያርፍበት ሣር ሜዳ ከተማዋ መሐል ነበር፤ ከብት ይግጥበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል ይባልለት ነበር። ነሐሴ 2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ከክልሉ መቀመጫ ከተሞች አንዷ ሆናለች። ቅዳሜ ገበያዋ ደግሞ ራሱን የቻለ ትምህርት ቤት ነው፤ አሪው፣ በናው፣ ሙርሲው፣ ነጋዴው፣ ተማሪው ሁሉ አንድ ላይ ይገዛል፣ ይሸጣል።

እንግዲህ ወደ ሙርሲዎች የሚወስደው መንገድ በማጎ ብሔራዊ ፓርክ በኩል ነው። ያለ አስጎብኚ አይኬድም። ፓርኩ ላይ ደግሞ ጠመንጃ የያዘ ስካውት ይሳፈራል። የመግቢያ አለ፣ የአስጎብኚ አለ፣ የስካውት አለ፣ የመንደሩ አለ። ወደ ፎቶ ሳንደርስ ኪሳችን ሳሳ። ማልደን ተነስተን ቁልቁል ወረድን። መስኮት የከፈተ ወዮለት! የማጎ ቆላ ዝንብ በልብስ ላይ አልፎ ይነድፋል።

መንደሩ ስንደርስ ገና በሩ ሳይከፈት ሴቶችና ልጆች መኪናውን ከበቡት። «ፎቶ! ፎቶ!» ይላሉ። አንዷ የከብት ቀንድ በራሷ ላይ አሥራለች። ሌላዋ ቅል ደፍታለች። ፊት ሁሉ በነጭ አፈር ተቀብቷል። ጓደኞቼ ሞባይላቸውን አውጥተው ተጋፉ። አንዱ ጓደኛችን አራት ሴቶችን በአንድ ጊዜ አነሳና የአንድ ሰው ብቻ ከፈለ። «ፎቶው አንድ ነው፤ አንድ ፎቶ አንድ ሒሳብ ነው!» ብሎ ድርቅ አለ። አራቱም እጃቸውን ዘርግተው አንለቅህም አሉት። ጩኸት ሆነ፣ አስጎብኚያችን መሐል ገብቶ ገላገለ። ጓደኛዬ እየተመናጨቀ «እነዚህንማ ፈረንጅ አበላሽቷቸዋል። ብር ብር ብቻ ሆነዋል!» አለ። ሁላችንም ሳቅን። እኔም ሳቅኩ።

ከዚያ የእኔ ተራ ደረሰ። አንዲት ሴትዮ ፊት ቆምኩ። ትንሽ ልጇ እግሯ ሥር ተለጥፋለች። ዋጋዋን ተናገረች። እኔም እንደ መርካቶ ልጅ ግማሹን ጠራሁ። ሴትየዋ ዝም አለች። የከንፈር ሸክላዋን አወለቀችና በእጇ ይዛ አየችኝ። አልተቆጣችም፣ አልለመነችም፤ እንዲሁ አየችኝ።

ወገኖቼ፣ ያንን አስተያየት አውቀዋለሁ።

ያደግኩት ሽሮ ሜዳ ነው። እናቴ እኛን ያሳደገችን ከእንጦጦ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክማ እየሸጠች ነው። ሰባት ዓመት ሲሆነኝ እኔም ትንሿን እስሬን አዝዬ ከኋላዋ እከተላት ነበር። አንድ ቀን ቁልቁለቱ ላይ መኪና ቆመና ፈረንጆች ወረዱ። አንደኛው እናቴ ፊት በርከክ ብሎ ካሜራውን ደገነ። ቀጭ! ቀጭ! እሷ ከሸክሙ የተነሳ ቀና ማለት አትችልም። ከጎንበስታዋ ዓይኗን ብቻ አንስታ አየችው። ለእኔ ከረሜላ ሰጡኝና ሄዱ። ማታ እግሯን በሞቀ ውሃ እየታጠበች እንዲህ አለች፦ «መልኬን ይዘው ሲሄዱ ከሸክሜም ትንሽ ቢያነሱልኝ ምን ነበረበት?» እኛ ልጆቿ ቀልድ መስሎን ሳቅን። ያ ፎቶ ዛሬ በማን አገር፣ በማን ግድግዳ ላይ እንዳለ አላውቅም።

እናላችሁ ሞባይሌን ኪሴ ከተትኩ። ጓደኞቼ ሲሻሙ እኔ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ጂንካ የተማረ አንድ የመንደሩ ወጣት አማርኛ ይችል ነበርና እንዲያስተረጉምልኝ ለመንኩት። ሴትየዋም መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ለመጠየቅ የቀደመችው ግን እሷ ናት።

«ፎቶውን ወስዳችሁ ምን ታደርጉበታላችሁ?»

«ለሰው እናሳየዋለን።»

«ሰውየው አይቶ ምን ይላል?»

ምን ልበላት? የሚባለውን አውቃለሁ። «ኧረ ጉድ!» ነው የሚለው። ዋሸሁ፣ «ያደንቃል» አልኳት። ወጣቱ ሲነግራት ፈገግ አለች። አላመነችኝም መሰለኝ።

እኔም ተራዬን ስለ ቀንዱ ጠየቅኳት። ቤታቸው ሲሆኑ እንዲህ ያደርጉ እንደሆነ። ከት ብላ ሳቀች። «ይሄ ለእናንተ ነው። ባዶ ራስ አታነሱማ! መኪናችሁ ሲሄድ አወርደዋለሁ። ይከብዳል» አለች። ብሩንስ? «ዱቄት እንገዛበታለን። ልጅ ሲታመም መድኃኒት እንገዛበታለን።»

«ይከብዳል» ያለችው ቃል ውስጤ ገባ። ሴትየዋ እኮ ሥራ ላይ ናት! እናቴ ቅጠል እንደተሸከመች እሷ ቀንድ ተሸክማለች። ልዩነቱ እናቴ መልኳን በነፃ ወሰዱባት፤ ይህቺ ግን ዋጋ ትጠይቃለች። እኛም «ብር ወዳድ» ብለን ሳቅንባት። እኛ ቢሮ የምንገባው ለጽድቅ ነው እንዴ?

ከተመለስኩ በኋላ ነገሩ ስላልለቀቀኝ ያገኘሁትን አነበብኩ። ዴቪድ ተርተን የሚባሉ እንግሊዛዊ ተመራማሪ ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ ሙርሲዎችን ያጠኑ ናቸው። በ2004 (እ.ኤ.አ.) በጻፉት ጽሑፍ ላይ ሙርሲዎች ቱሪስትን «ፎቶ የሚያነሱ ሰዎች» ብለው እንደሚያውቁት ተርከዋል። አስቡት፤ እኛ እነሱን ባለ ሸክላ እንላለን፣ እነሱ እኛን ባለ ካሜራ!

ስለ ሸክላውም የሰማነው ብዙው ተረት ነው። «ባሪያ ፈንጋይ እንዳይወስዳቸው ራሳቸውን ለማስጠላት ነው» ይባላል። «ሸክላው በሰፋ ቁጥር ጥሎሹ ይጨምራል» ይባላል። ያጠኗቸው ሰዎች ሁለቱንም አይቀበሉም። በሙርሲ ወግ ጥሎሹ 38 ከብት ነው ይባላል፤ በከንፈር ስፋት የሚለካ አይደለም። ልጅቷ በአሥራዎቹ ዕድሜዋ ከንፈሯ ይበሳል። ምን ያህል እንደሚሰፋ የምትወስነው ራሷ ናት። ሸክላውም ሲመሽ ሲነጋ አይደረግም፤ ላላገቡና አዲስ ላገቡ ሴቶች ጌጥና ክብር ነው፣ ለወንዶች ምግብ ሲያቀርቡና በበዓል ያደርጉታል። የእኛ እናቶች ነጠላቸውን አጣፍተው እንግዳ እንደሚቀበሉት ማለት ነው።

ዱቄት መግዛቱም ምክንያት አለው። የኦሞ ወንዝ በየዓመቱ ሞልቶ ዳርቻውን ያጥለቀልቅ ነበር። ውሃው ሲሸሽ በቀረው ርጥብ አፈር ላይ ማሽላ ይዘራ ነበር። ከላይ 243 ሜትር ቁመት ያለውና 1,870 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራው ግልገል ጊቤ 3 ግድብ ታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ተመረቀ። ወንዙ ከተገደበ ወዲህ ያ ሙላት እንደ ድሮው አይመጣም። መብራቱ ለአገር ነው፤ አልጠላሁትም። ነገር ግን እኛ ሞባይላችንን ቻርጅ ስናደርግ ማሽላው የቀረበት ሰው እንዳለ ብናስብ ምን ይለናል?

እንግዲህ ለመሄድ የምታስቡ ሁሉ፣ ከእኔ ስህተት ተማሩ።

አንደኛ፣ አስጎብኚያችሁን ከዚያው ከአካባቢው ያዙ። ቋንቋውን የሚችል ወይም የመንደሩ ልጅ አብሮት ያለ ይሁን። ያለ አስተርጓሚ መንደር መግባት መካነ አራዊት እንደመግባት ነው።

ሁለተኛ፣ ዋጋ ካሜራ ሳይወጣ ይነገር። በፎቶው ውስጥ የገባ ሰው ሁሉ፣ የታዘለው ሕፃን ሳይቀር፣ ሊቆጠር እንደሚችል እወቁ። ዝርዝር ብር ይዛችሁ ሂዱ። በፎቶ መክፈል ካልፈለጋችሁ አስጎብኚያችሁ ለመንደሩ አንድ ላይ እንዲስማማ ጠይቁት።

ሦስተኛ፣ የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ምንም አታንሱ። ተቀመጡ። ሰላምታ ተማሩ፤ እኔ «አቻሊ» የምትለዋን ተምሬ ስንት ሰው አሳቅኩባት።

አራተኛ፣ ለልጆች ከረሜላና እስክሪብቶ አትበትኑ። የከረሜላውን ጣዕም እኔ አውቀዋለሁ፤ ውርደቱ ይቆያል። መስጠት ከፈለጋችሁ አስጎብኚውን ምን እንደሚያስፈልግ ጠይቃችሁ ለትልቅ ሰው ስጡ።

አምስተኛ፣ ወደ መንደር ከመውረዳችሁ በፊት ጂንካ ከጉብታው ላይ ያለውን የደቡብ ኦሞ ሙዚየም እዩ። የት እንደምትሄዱ ሳታውቁ ብትሄዱ የምታዩት ቀንዱን ብቻ ነው።

እናስ፣ እኔ ፎቶ አነሳሁ ወይስ አላነሳሁም? አነሳሁ። ልንሄድ ስንል ሴትየዋ ራሷ «አታነሳም?» አለችኝ። የጠየቀችውን ሙሉውን ከፈልኩ። «ቀንዱን ላድርግ ወይስ ላውልቅ?» ስትል «እንደወደድሽ» አልኳት። ቀንዱን አውልቃ መሬት ላይ አስቀመጠችና ልጇን አቀፈች። አንድ ጊዜ አነሳሁ፣ በቃ። አዲስ አበባ አሳጥቤ አንዱን ቅጂ ለአስጎብኚያችን ላክሁላት።

ጓደኞቼ ፎቶውን አይተው ቅር አላቸው። «ይቺማ እንደ ማንኛዋም እናት ናት፤ ምኑን ሙርሲ ሄድክ?» አሉኝ።

እናቴ ግን መነጽሯን አድርጋ ብዙ ቆየችበት። ቅጠል መሸከም ካቆመች ቆይታለች፣ ወገቧ ግን እስከዛሬ ቀና አላለም።

«ስንት ሰጠሃት?» አለችኝ።

«የጠየቀችኝን።»

«እሰይ» አለችና ፎቶውን ከምስለ ፍቁር ወልዳ ሥዕሏ ጎን ግድግዳው ላይ ለጠፈችው።

ቸር ይግጠመን።