የሞላ ደብተር ጥሩ ኬጂን ያሳያል?

ልጃችንን ከኬጂ ስንቀበል ብዙዎቻችን መጀመሪያ የምንከፍተው ቦርሳውን ነው። ዛሬ ስንት ገጽ ጻፈ? የቤት ሥራ አለው? ደብተሩ ባዶ ከሆነ የከፈልነው ገንዘብ ይቆጨናል።

የኬጂ መምህራን ስለ ጥራት ሲናገሩ ግን ብዙ ጊዜ የሚጀምሩት ከደብተሩ ሳይሆን ከልጁ ነው። ጠዋት ደስ ብሎት ይገባል? ሽንቱ ሲመጣ ሳይፈራ ይናገራል? ተራውን ይጠብቃል? የሰማውን ተረት በራሱ አንደበት መልሶ ይተርካል?

ይህ ፊደልን መናቅ አይደለም። በአራት ዓመት ልጅ የእጅ አንጓ ውስጥ ያሉት ትንንሽ አጥንቶች ገና ጠንክረው አላለቁም። ጣቶቹን ለእርሳስ የሚያዘጋጁት ጭቃ ማድቦልቦል፣ ወረቀት መቅደድና ዶቃ በክር መሰካት ናቸው። ጣሊያናዊቷ ሐኪም ማሪያ ሞንቴሶሪ እ.ኤ.አ. በ1907 ሮም ውስጥ የሕፃናት ቤት ስትከፍት ልጆች ከመጻፋቸው በፊት ሸካራ ፊደላትን በጣታቸው እየዳሰሱ እንዲለዩ አድርጋ ነበር። እኛም ብንሆን በቅልልቦሽ እጃችንን አፍታተናል፤ በሰኞ ማክሰኞ ሚዛንና ተራ መጠበቅን፣ በእንቆቅልሽ ማሰብን ተምረናል።

መምህራን ይህን እያወቁ ለምን ገጽ ያስሞላሉ? አንዱ ምክንያት እኛ ነን። ወላጅ ደብተር ካላየ ልጁን ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ይወስዳል ተብሎ ስለሚፈራ፣ መምህሯ የልጁን እጅ ይዛ ታስጽፋለች። እኛ የምንኮራበት ገጽ እንግዲህ የእሷ የእጅ ጽሑፍ ነው።

ቋንቋም ሌላው ጉዳይ ነው። በእንግሊዝኛ እስከ መቶ የሚቆጥር ልጅ ሆዱን ሲያመው ለመምህሩ በምን ቋንቋ ይንገር? የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ መሠረት የጣለው ያለ ነገር አልነበረም። በሚያውቀው ቋንቋ በደንብ ያወራ ልጅ ሌላውን ለመጨመር መነሻ አለው።

ሦስተኛው የልጆቹ ብዛት ነው። ክፍሉ ሲጨናነቅ የተሻለ የሠለጠነች መምህርት እንኳን ሥራዋ ዝም ማሰኘት ብቻ ይሆናል። ግድግዳው በሥዕል ቢያሸበርቅም እያንዳንዱን ልጅ የሚያዳምጥ ሰው ከሌለ ጥቅሙ ትንሽ ነው።

ለምዝገባ ስትሄዱ እነዚህን ጠይቁ፦

• በክፍሉ ስንት ልጆች አሉ? መምህሯ ረዳት አላት?
• መምህራኑ ለሕፃናት ትምህርት ሠልጥነዋል? በየዓመቱስ ይቀያየራሉ?
• ልጆቹ በቀን ምን ያህል ጊዜ ውጭ ይጫወታሉ?
• ልጅ ሲያለቅስ ወይም ሲያጠፋ ምን ይደረጋል?

ከተቻለ መልሱን ከቢሮ ብቻ አትውሰዱ። ክፍል በር ላይ ጥቂት ቆማችሁ አዳምጡ፤ የሚሰማው የመምህሯ ድምፅ ብቻ ነው ወይስ የልጆቹም?

ዛሬ ማታ ደግሞ ቦርሳውን ከመክፈታችሁ በፊት ልጃችሁን “ዛሬ ከማን ጋር ተጫወትክ?” በሉት። ስለ ትምህርት ቤቱ ከደብተሩ የበለጠ የሚነግራችሁ እሱ ነው።