የማስተማሪያ ጽሑፎችን በቤት ኮምፒዩተር ስለ ማከማቸትና ስለ ማስተላለፍ

የአማርኛ ወይም የእንግሊዝኛ መማሪያ መጽሐፍ የጠፋበት መምህር ሌላ ቅጂ ከአዲስ አበባ ሊያስመጣ ይችላል። በእንጅባራ ወይም በዳንግላ መምህራን ለመጀመሪያ ደረጃ ተማሪዎች በአውኚ የተዘጋጀ ምንባብ ግን ብዙውን ጊዜ ከአዘጋጁ እጅ በቀር በሌላ ስፍራ አይገኝም። እንዲህ ያለው ጽሑፍ በአንድ ፍላሽ ብቻ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ቫይረስ ያጠቃዋል፣ ፍላሹም ሲበላሽ አብሮ ይጠፋል። በኢንተርኔት መላክም ሁልጊዜ አስተማማኝ አይደለም፤ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት መቋረጡ ለዚህ በቂ ማስረጃ ነው።

ለዚህ ችግር አንዱ መፍትሔ በተራ የቤት ኮምፒዩተር ላይ የፋይል ማስተላለፊያ አገልግሎት (ኤፍ.ቲ.ፒ.) ማቋቋም ነው። የአሠራሩን የመጀመሪያ ደንብ እ.ኤ.አ. በ1971 የጻፈው በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የነበረው አብሃይ ቡሻን ሲሆን፣ እስካሁን መሠረት ሆኖ የሚያገለግለው ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1985 ነው። አሠራሩ ኢንተርኔት አያሻውም። ኮምፒዩተሮቹ በአንድ ራውተር ከተገናኙ ይበቃል፤ በሴኮንድ 100 ሜጋቢት በሚያሳልፍ ገመድም አንድ ጊጋባይት በሁለት ደቂቃ ገደማ ይተላለፋል።

በመጀመሪያ፣ ያለ ክፍያ የሚገኘው ፋይልዚላ ሰርቨር የተባለው ፕሮግራም በአንድ ላፕቶፕ ላይ ይጫናል። ቀጥሎም ኮምፒዩተሩ በየቀኑ የማይለዋወጥ አድራሻ፣ ለምሳሌ 192.168.1.10 ይሰጠዋል። ከዚያ ተጠቃሚዎች ይመዘገባሉ፤ መምህራን ማንበብና መቅዳት ብቻ ይፈቀድላቸዋል፣ መጨመርና መሰረዝ ግን ለአንድ ኀላፊ ይተዋል። ይህን ልዩነት ያላበጀ ትምህርት ቤት የአንድ ዓመት ሥራውን በአንድ የስሕተት ጠቅታ ሊያጣ ይችላል።

ጀማሪዎችን በብዛት የሚያሰናክለው ሌላ ነገር ነው። አገልግሎቱ ትእዛዝ የሚቀበለው በ21ኛው በር ሲሆን፣ ፋይሉ ራሱ የሚያልፈው በሌላ በር ነው። ስለዚህ የይለፍ ቃሉ ተቀባይነት አግኝቶ የፋይሎቹ ዝርዝር ሳይታይ ቢቀር ጥፋቱ የይለፍ ቃሉ አይደለም፤ የኮምፒዩተሩ መከላከያ ሁለተኛውን በር ዘግቶታል ማለት ነው። በፕሮግራሙ ውስጥ ከ50000 እስከ 50100 ያሉትን በሮች መወሰንና እነዚሁኑ በመከላከያው ላይ መክፈት ያስፈልጋል።

ፊደሉም ጥንቃቄ ይሻል። የግእዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት የፊደል ፕሮግራሞች የተጻፈ ሰነድ ያ ፕሮግራም በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት የላቲን ፊደላት ዝብርቅ ሆኖ ይታያል። አውኚ በአማርኛ የማይገኙ እንደ «ጘ» ያሉ ፊደላትን ስለሚጠቀም፣ የቆየ ጽሑፍ ወደ ማከማቻው ከመግባቱ በፊት ወደ ዩኒኮድ ተለውጦ በቋንቋው መምህር ሊታረም ይገባል።

ኤፍ.ቲ.ፒ. የይለፍ ቃልን ሳይሰውር ያስተላልፋል። ስለሆነም ቲ.ኤል.ኤስ. የተባለውን መሰወሪያ ማብራት፣ መምህራንም በፋይልዚላ ደንበኛ ፕሮግራም እንዲገቡ ማድረግ ይሻላል፤ ክሮምና ፋየርፎክስ እ.ኤ.አ. በ2021 ይህን አገልግሎት ትተዋል። ማከማቻው ለኢንተርኔት አይከፈትም። ፈተናና የተማሪ ውጤትም ከቶ አይቀመጡበትም፤ በ2008 ዓ.ም. የከፍተኛ ትምህርት መግቢያ ፈተና ሾልኮ በመውጣቱ ተሰርዞ ሌላ ፈተና መሰጠቱ የሚታወስ ነው።

መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ በባትሪው ቢቆይም ራውተሩ ይጠፋል፤ ትንሽ ዩ.ፒ.ኤስ. ቢገኝ ይህን ያቃልላል። ሙሉ ቅጂውም በወር አንድ ጊዜ ወደ ተጓዥ ሃርድ ዲስክ ተገልብጦ በሌላ ከተማ ይቀመጣል፤ የእንጅባራው በዳንግላ፣ የዳንግላው በእንጅባራ።