ከቀዶ ሐኪሙ ጀርባ ያለው ሰው

የኩላሊት ንቅለ ተከላ ሲባል ቶሎ የሚታየን ጓንት ያጠለቀ ቀዶ ሐኪም ነው። ጋዜጣውም ቴሌቪዥኑም የሚያሳየን እሱኑ ነው። እኔ ግን በዚህ ጽሑፍ ካሜራ ስለማይዞርበት ሌላ ባለሙያ ላወራችሁ ነው፤ የንቅለ ተከላ ኢሚውኖሎጂን ስለሚያስተምርና ስለሚመራመር ሰው። አንድ የሕክምና ኮሌጅ ይህን ሰው ለማግኘትና ለማቆየት ለምን ይቸገራል?

በመጀመሪያ ሥራው ምንድን ነው የሚለውን እንይ። ሰውነታችን ባዳውን ከራሱ ለይቶ ያውቃል። መለያው ኤችኤልኤ የሚባሉ፣ ከእናትና ከአባት የምንወርሳቸው ምልክቶች ናቸው። እንበልና የአንድ የቢቸና ገበሬ ኩላሊቶች ሥራ አቆሙ፤ ወንድሙም «የኔን ውሰድ» አለ። የአንድ እናትና አባት ልጆች በእነዚህ ምልክቶች ሙሉ በሙሉ የመመሳሰል ዕድላቸው ከአራት አንድ ነው። በግማሽ የመመሳሰል ዕድላቸው ከሁለት አንድ፣ ጨርሶ ያለመመሳሰል ዕድላቸው ደግሞ ከአራት አንድ ነው። ከዚህም በላይ፣ ቀደም ሲል ደም የተሰጠው ሰው ወይም የወለደች ሴት የለጋሹን ምልክት የሚያጠቃ አንቲቦዲ በደማቸው ውስጥ ሊኖር ይችላል። ይህ ሳይታወቅ ከተተከለ አዲሱ ኩላሊት በሰዓታት ውስጥ ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ የለጋሹን ነጭ የደም ሴል ከተቀባዩ ሴረም ጋር አገናኝቶ ማየት ግድ ነው። ክሮስማች ይሉታል። «ይተከል» ወይም «ይቅር» ለማለት ቀዶ ሐኪሙ ይህን ውጤት ይጠብቃል።

ዕውቀቱ የተገኘውም ተመራማሪ ሆስፒታል በመግባቱ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ፒተር ሜዳዋር የተባለ እንግሊዛዊ የእንስሳት ሳይንስ ተመራማሪ ግላስጎው ሆስፒታል ሄዶ፣ ቶማስ ጊብሰን ከተባለ ቀዶ ሐኪም ጋር በእሳት የተቃጠሉ ሰዎችን ማጥናት ጀመረ። ከአንድ ለጋሽ ለሁለተኛ ጊዜ የተወሰደ ቆዳ ከመጀመሪያው ፈጥኖ እንደሚወድቅ አዩ። ሰውነት ያስታውሳል ማለት ነው! ሐኪም ያልነበረው ሜዳዋር እ.ኤ.አ. በ1960 የኖቤል ሽልማት ተካፈለ። ጆሴፍ መሪ ቦስተን ውስጥ በ1954 የመጀመሪያውን የተሳካ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ያደረገው ደግሞ ፍጹም በሚመሳሰሉ መንትዮች መካከል ነበር።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ከአሜሪካው ሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ በመስከረም 2008 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ንቅለ ተከላ ጀመረ። ከደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ፣ ዓባይ በረሃን አቋርጦ ለሚሄድ ሕመምተኛ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ወይ ለዘወትር እጥበት ከተማ ተከራይቶ መክረም፣ ወይ ገንዘብ ለምኖ ውጭ አገር መሄድ ብቻ ነበር ምርጫው።

ታዲያ ምርመራውን የሚሠራ ቴክኒሽያን ካለ ተመራማሪ ምን ያደርጋል? ቴክኒሽያኑ የተጻፈለትን መመሪያ ይከተላል። መመሪያው ግን የተጻፈው በአብዛኛው በአውሮፓና በአሜሪካ ሕመምተኞች ላይ ተመሥርቶ ነው። ለምሳሌ ሰውነት ኩላሊቱን እንዳይገፋ የሚሰጠው ታክሮሊመስ የተባለ መድኃኒት፣ በአፍሪካውያን ዘንድ በብዛት የሚገኝ ዘረ መል ባላቸው ሰዎች ሰውነት ውስጥ ፈጥኖ ስለሚሰባበር መጠኑ ከፍ ማለት አለበት። በሌላ በኩል የመከላከል አቅምን ማዳከም ተኝቶ የቆየ የሳንባ ነቀርሳን ሊቀሰቅስ ይችላል። ይህን ለእኛ ሰው ማን ያጥናልን? ተተኪውንስ ማን ያስተምር?

ወደ ቅጥሩ እንምጣ። አዲስ ዘመን ላይ የምናነበው ክፍት የሥራ ማስታወቂያ የታወቀ ነው፦ ተፈላጊ ችሎታ፣ የሥራ ልምድ፣ ደመወዝ በስኬሉ መሠረት፣ ብዛት 1። ለብዙ ሥራ ይበቃል፤ ለዚህ ግን አይበቃም። በትልልቆቹ የአሜሪካ የሕክምና ዩኒቨርሲቲዎች ተወዳዳሪው ስለ ደመወዝ ብቻ አይደራደርም። የላቦራቶሪ ቦታ፣ የማቋቋሚያ ገንዘብ፣ ረዳቶች፣ ከማስተማርና ከሕክምና ነጻ የሆነ የምርምር ጊዜ ይጠይቃል። ለምን ቢባል፣ ሪኤጀንት በየጊዜው ካልገባ፣ መብራት ሲጠፋ ፍሪጁን የሚይዝ ጄኔሬተር ከሌለ፣ የተበላሸ ማሽን የሚጠግን ካልተገኘ የዶክትሬቱ ወረቀት ብቻውን ዋጋ የለውም። ሰውዬው ወይ ዝም ብሎ ክፍል እየገባ ያስተምራል፣ ወይ ሻንጣውን ያነሳል።

ደግነቱ ከባዶ አንነሳም። አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ1970 አዲስ አበባ በአለርት ግቢ የተቋቋመው የሥጋ ደዌን ለማጥናት ነው፤ ሥራው ደግሞ ከጥንቱ ኢሚውኖሎጂ ነው። በኋላም የሳንባ ነቀርሳን ጨምሯል። እዚያ ሠልጥኖ የሚያውቅ ሰው ወደ ንቅለ ተከላ ለመሻገር ሩቅ አይደለም። በእኔ አስተያየት የሚያዋጣው አንድ ባለሙያ በሁለት ተቋም እንዲሠራ ማድረግ፣ ሁለት ሦስት ወጣት መምህራንን አብሮ ልኮ ማሠልጠን፣ እነሱ ሳይመለሱም ላቦራቶሪውን አዘጋጅቶ መጠበቅ ነው። ለብቻው የተላከ ሰው ቢቀር ሥራው አብሮ ይቀራል። ውጭ ያሉ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ለአጭር ጊዜ እየመጡ ቢያስተምሩም ጥሩ ነው፤ ነገር ግን እንግዳ የቤት ባለቤትን አይተካም።

እኛስ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች? ነገ አንድ ማዕከል ሲመረቅ መላካችን አይቀርም። ስንት አልጋ አለው፣ ማሽኑ ስንት ፈጀ ብለን ብቻ አንመለስ። ክሮስማቹን ማን ይሠራዋል? ሪኤጀንቱ ከየት ይመጣል? የተቀጠረው ተመራማሪ ከአምስት ዓመት በኋላ እዚህ እንዲኖር ምን ተዘጋጅቶለታል? ብለን እንጠይቅ። የዚያ የቢቸና ገበሬ ኩላሊት መቆየት አለመቆየቱ በነዚህ መልሶች ውስጥ ነውና።