ከወሬ የሚቀድም ሠረገላ

የጽዮን ሠረገላ በክብረ ነገሥት እንደተተረከው ቀዳማዊ ምኒልክንና የእስራኤልን የበኩር ልጆች ከኢየሩሳሌም ወደ ኢትዮጵያ ያደረሰ ማጓጓዣ ነው። የ13 ቀን መንገድ በ1 ቀን ይጨርሳል። በየብስ ላይ ከመሬት 1 ክንድ፣ በባሕር ላይ ከማዕበሉ 3 ክንድ ከፍ ብሎ ይሄዳል። የሚጎትተው የለም፤ የተሳፈረበትም ሰው አይደክምም፣ አይራብም፣ አይጠማም።

መጽሐፉን ወደ ግዕዝ የመለሱት የአክሱሙ ንቡረ እድ ይስሐቅና ባልደረቦቹ ሲሆኑ፣ ዘመኑም የ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነው። ለብዙ ምእመን ክብረ ነገሥት ታሪክ ነው፤ እዚህ የሚታየው ግን ጉዞው በመጽሐፉ ዓለም ውስጥ የሚሠራበት ሥርዓት ነው። ሥርዓት አለው ማለት ማጋነን አይደለም። የዘመኑ የሳይንስ ልብወለድ ደራሲ ከብርሃን የሚፈጥን መንኮራኩር ባሰበ ቁጥር ኃይሉ ከየት ይመጣል፣ መንገዱን ማን ያቃናል፣ ተሳፋሪው ፍጥነቱን እንዴት ይችለዋል፣ አሳዳጅስ ለምን አይደርስበትም ለሚሉት ጥያቄዎች መልስ መስጠት አለበት። ክብረ ነገሥት ለአራቱም መልስ አለው።

የኃይሉ ምንጭ የበኩር ልጆቹ ከኢየሩሳሌም ሰርቀው የወሰዷት ታቦተ ጽዮን ናት። ይሁን እንጂ በመጽሐፉ ዓለም የሚበር ዕቃ ከእርሷ በፊትም ነበር። የምኒልክ እናት ንግሥት ማክዳ ከኢየሩሳሌም ስትመለስ ንጉሥ ሰሎሞን ከሰጣት ስጦታ መካከል የበረሃ ሠረገላዎች፣ የባሕር መርከብና በተሰጠው ጥበብ የሠራው በነፋስ ላይ የሚሄድ መጓጓዣ ይገኙበታል። ስለዚህ በረራው በሁለት መንገድ ይገኛል፤ አንዱ የንጉሡ ጥበብ የሠራው፣ ሌላው ከታቦቷ የሚመነጭ። ተራኪው የመጀመሪያውን በአንድ ዐረፍተ ነገር ጠቅሶ ያልፈዋል፤ ጥቅሙ የሚታየው ከብዙ ምዕራፍ በኋላ ነው። የጋዛ ሰዎች ሠረገላዎቹ በአየር ላይ ተንጠልጥለው ሲያልፉ አይተው ዝም ያሉት የሰሎሞን ጥበብ ሥራ መስሏቸው ነው። በሥነ ጽሑፍ ዓይን ይህ ብልህ አሠራር ነው፤ ተአምሩ በአደባባይ እየታየ ስርቆቱ ግን ተደብቆ ይቆያል።

መንገዱን የሚያቃናው መልአኩ ሚካኤል ነው። ከፊት ይቀድማል፤ በየብስ መንገድ ይከፍታል፣ ባሕሩን እንደ ደረቅ መሬት ያሻግራል፣ ከላይ እንደ ደመና ተዘርግቶ የፀሐዩን ሐሩር ይከለክላል። ዛሬ የጠፈር መንኮራኩር ንድፍ አውጪ መሪ፣ ጠራጊና መከላከያ ብሎ ለያይቶ የሚያስባቸው ሦስት ሥራዎች እዚህ በአንድ አካል ተጠቃለዋል።

ሦስተኛው መልስ ከሁሉም ይረቃል። ከፍ የሚለው ታቦቷ የተጫነችበት ሠረገላ ብቻ አይደለም። ሌሎቹ ሠረገላዎች፣ ጓዙ፣ ፈረሱና በቅሎው ሁሉ ከፍ ይላሉ፤ በእንስሳ የተቀመጠው ሰው ደግሞ ከእንስሳው ጀርባ 1 ስንዝር ያህል ይነሣል። ፈረሱም አይሮጥም፣ ፈረሰኛውም አይናጥም፤ ጉባኤው በሙሉ እንዳለ ይወሰዳል። ኃይሉ የአንድ ተሽከርካሪ ሳይሆን ዙሪያውን የሚሸፍን ክልል ነው ማለት ነው።

በ1994 እ.ኤ.አ. የሜክሲኮው የፊዚክስ ሊቅ ሚጌል አልኩቢየሬ ያቀረበው ሐሳብ በዚህ ነጥብ ላይ አስገራሚ ተመሳሳይነት አለው። የአንስታይን የ1905 እ.ኤ.አ. ትምህርት በኅዋ ውስጥ ምንም ነገር በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነውን የብርሃን ፍጥነት እንዳያልፍ ይከለክላል። ከፀሐይ ቀጥሎ ወደምትቀርበው ኮከብ ለመድረስ ብርሃን ራሱ ከ4 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። አልኩቢየሬ በስሌት ያሳየው መንኮራኩሩ ባለበት ቆሞ ዙሪያው ያለው ኅዋ ራሱ ከፊት ቢኮማተርና ከኋላ ቢለጠጥ ክልከላው ሳይጣስ ርቀቱ ሊታለፍ እንደሚችል ነው። በክልሉ ውስጥ ያለው ተሳፋሪ መገፋትም ሆነ መናወጥ አይሰማውም። የሚያስፈልገው አሉታዊ ኃይል ግን ዛሬም በማንም እጅ የለም።

በልብወለዱ ዓለም የዚህ ዓይነት ጉዞ በሁለት ይከፈላል። በ1966 እ.ኤ.አ. በቴሌቪዥን የጀመረው ስታር ትሬክ መርከቡን በዚሁ ኅዋ ውስጥ ያስኬደዋል፤ በ1977 እ.ኤ.አ. የወጣው ስታር ዋርስ ከዚህ ዓለም አውጥቶ በሌላ በኩል ያሻግረዋል። የጽዮን ሠረገላ የመጀመሪያው ወገን ነው፤ በከተሞች ላይ ሲያልፍ ይታያል፣ የበገናውና የእንቢልታው ድምፅ ይሰማል፣ ባሕሩም እያገሣ ይመልሳል። ሁለተኛው ዓይነት ለአገራችን ትውፊት ባዕድ አይደለም፤ በገድላት ውስጥ መሰወር ይባላል። ቅዱስ ያሬድ ከአክሱም ወጥቶ ወደ ስሜን እንደሄደና በዚያው ተራራ እንደተሰወረ ይነገራል። ልዩነቱ ከመሰወር የሚመለስ አለመኖሩ ነው።

የፍጥነቱ ልክ ሊሰላ ይችላል። 13ቱን ቀን በ1 ቀን የጨረሱት ከጋዛ እስከ ምሥር፣ የግብፅ ዳርቻ፣ ባለው መንገድ ነው። ከጋዛ እስከ ካይሮ በቀጥታ መስመር 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጭነት የያዘ ሲራራ በቀን ከ25 እስከ 30 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ወደ 13 ቀን ይወስድበታል። ቁጥሩ እንዲሁ ለማስደነቅ የተወረወረ ሳይሆን መንገድ የሚያውቅ ሰው ቁጥር ይመስላል። ያን ርቀት በ12 ሰዓት ቀን መጨረስ ግን በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ ዛሬ ሊማሊሞን እየወጣ ወደ ደባርቅ የሚያቃስት ጭነት የሞላ አይሱዙ የሚሄደውን ያህል።

ተአምሩ ታዲያ ከቁጥሩ ሳይሆን ከዘመኑ ገደብ ነው የሚመነጨው። በዚያ ዓለም ከፈጣን ፈረሰኛ የሚቀድም ነገር የለም፤ ወሬም ቢሆን ከፈረስ አይቀድምም። በፊዚክስ ብርሃን የያዘውን ቦታ በክብረ ነገሥት የያዘው ፈረስ ነው፤ ሠረገላው ያን ገደብ ሲጥስ ከጠፈር መንኮራኩሩ ጋር አንድ ሥራ ሠራ፤ ወሬውን ቀደመ። አራተኛው መልስ ይህ ነው። ሰሎሞን ስርቆቱን ካወቀ በኋላ ሠራዊቱን አስነሥቶ ሲከተል በጋዛ ያገኘው መልስ ከሄዱ ሦስት ቀን ሆኗቸዋል የሚል ነው፤ ፈረሰኞቹ በግብፅ የሰሙት ደግሞ ዘጠኝ ቀን የሚል። እስከ ቀይ ባሕር ደርሰው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። የሚያሳድዱት ሰውን ሳይሆን ያለፈ ቀንን ነበር።

ፍጥነቱ በተጓዦቹ መካከልም ሥራ አለው። ምኒልክ ታቦቷ አብራው መኖሯን ሳያውቅ ነው ከኢየሩሳሌም የወጣው። የበኩር ልጆቹ ግብፅ ደርሰው የ13ቱ ቀን መንገድ በ1 ቀን ማለቁንና ማንም አለመድከሙን ሲያዩ ነገሩ በፈቃደ እግዚአብሔር መሆኑ ተረጋገጠላቸውና ምስጢሩን ገለጡለት።

ይህ የሆነበት ሰፈር ለስሜን አንባቢ ሩቅ አይደለም። ተጓዦቹ ሠረገላቸውን ያወረዱት ከኢትዮጵያ ወርዶ የግብፅን ሸለቆ ያጠጣል ካሉት ውሃ ዳር ነው፤ መጽሐፉ ተከዜ ይለዋል። በእርግጥም ከስሜን ተራሮች የሚወርደው ዝናብ በሰሜንም በምሥራቅም ተከዜ ውስጥ ይገባል፤ ከሊማሊሞ ገደል ሥር የሚሰበሰበው የዛሪማ ውሃም እንዲሁ። ተከዜ ሱዳን ውስጥ ከአትባራ ጋር ተገናኝቶ ከካርቱም በስተሰሜን ዓባይን ይቀላቀላል።

በዚሁ ግርጌ የእውነተኛው ዓለም ጉዞ ምን ይመስል እንደነበረም ይታወቃል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በኅዳር 1769 እ.ኤ.አ. ከምጽዋ አካባቢ ተነሥቶ በአድዋና በአክሱም አድርጎ የሊማሊሞን አቀበት ወጥቶ ጎንደር የገባው በየካቲት 1770 እ.ኤ.አ. ነው፤ ሦስት ወር መሆኑ ነው። ከዚያ ወዲህ ትልቁን ለውጥ ያመጣው በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ጣሊያኖች በገደሉ ላይ የጠረቡት ጠመዝማዛ መንገድ ነው።

በስሜንና በወገራ ለዘመናት የኖሩት ቤተ እስራኤል ከሚተርኳቸው የትውልድ ትውፊቶች አንዱ ከምኒልክ አጃቢዎች ጋር ያገናኛቸዋል። እንደዚያው ትውፊት ተጓዦቹ በሰንበት ከወንዝ ደረሱ፤ የተሻገሩት የክርስቲያኖች አባት ሆኑ፣ ሰንበትን አክብረው የቆሙት የቤተ እስራኤል። እዚህ ላይ የክብረ ነገሥት በረራ የለም፤ ወንዙ በእግር የሚሻገሩት ወንዝ ነው።

የቤተ እስራኤል የመልስ ጉዞ በሁለት ዓይነት ፍጥነት ተፈጸመ። በ1970ዎቹ ዓ.ም. ብዙዎቹ በእግር ወደ ሱዳን ወርደው በመንገድና በመጠለያ ጣቢያ ብዙ ወገን አጥተዋል። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ግን ዘመቻ ሰሎሞን በተባለው የአየር ጉዞ 14,300 ያህል ሰዎች በ36 ሰዓት ውስጥ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ተወሰዱ፤ አንዱ ቦይንግ 747 ብቻውን ከ1,000 በላይ መንገደኛ ይዞ በርሯል።